ስም የሌለው ፎቶግራፍ

ዱሮ በገጠር ፎቶግራፍ መነሣት ቀላል ነገር አልነበረም። ሰው የክት ልብሱን ለብሶ፣ ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ወጥቶ፣ ፎቶ ቤት ገብቶ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይቆም ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀምር የባልና የሚስት ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ ይለጠፍ ነበር። ለዚሁ ጉዳይ ብለን ፎቶ የተነሣን ብዙዎች ነን።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። ሠርጉም፣ ክርስትናውም፣ የተወለደው ጥጃም፣ ያማረው በርበሬም በሞባይል ይነሣል። አንድ ፎቶግራፍ 3 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል ብንል፣ ባለ 32 ጊጋባይት ሜሞሪ ካርድ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ፎቶ ይችላል። ታዲያ ከ10 ሺህ ፎቶ መካከል የሟች እናታችንን ፎቶ እንዴት አድርገን እናገኘዋለን?

ጤፉን፣ ዳጉሳውንና በቆሎውን ባንድ ጎተራ ደባልቀን ብንከት የዘር ጊዜ ሲደርስ እንቸገራለን። ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። ካልተለየና ምልክት ካልተደረገበት፣ አለ ይባላል እንጂ አይገኝም።

ከታሪክ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ፣ የ7 ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ፎቶ አንሺ አነሣችው። ስሙና ዘመኑ ተመዝግቦ ስለ ቆየ፣ ከ150 ዓመት በኋላም ያ ያዘነ ልጅ ማን እንደ ሆነ እናውቃለን። በዱሮ ፎቶዎች ላይ የምናያቸው ሌሎች ብዙ ሰዎች ግን «አንድ ወታደር»፣ «አንዲት ሴት» ተብለው ብቻ ቀርተዋል። ሰዎቹ ስም አጥተው አይደለም፤ ስማቸውን የሚጽፍላቸው ጠፍቶ ነው።

እንግዲህ በእኛ ስልክ ያሉት ፎቶዎች እንዲህ እንዳይሆኑ ምን እናድርግ?

1. እናበጥር። እህል ከገለባ እንደሚለይ፣ የደበዘዘውንና የተደጋገመውን ፎቶ እናጥፋ። ከአሥር ተመሳሳይ ፎቶ አንድ ሁለት ጥሩ ይበቃል።

2. በክፍል በክፍል እናስቀምጥ። በስልኩ ጋለሪ ውስጥ አልበም መክፈት ይቻላል። አንዱ አልበም ለቤተሰብ፣ አንዱ ለእርሻና ለከብት፣ አንዱ ለሰነድ ይሁን።

3. መለያ ቃል እንጻፍ። ይህን በስልክ ቋንቋ ታግ ይሉታል። አልበም እንደ በረት ነው፤ መለያ ግን በከብቱ ላይ እንዳለ ምልክት ነው። ለምሳሌ ባንድ የሠርግ ፎቶ ላይ አያታችን ቆመው፣ ከበስተኋላቸው የማሳችን ወሰን ይታያል እንበል። ፎቶው «ሠርግ»፣ «አያ»፣ «ወሰን» የሚሉ ሦስት መለያዎች ሊይዝ ይችላል። በየትኛውም ብንፈልገው ይገኛል። መለያ የሚጻፍበት ቦታ በስልኩ ከሌለ፣ በፎቶው ስም ላይ መጻፍ ይቻላል። ማን ነው? የት ነው? መቼ ነው? ስለ ምን ተነሣ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች መመለስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ስልክ የሚፈልገው ፊደሉን አይቶ ነው። ዛሬ «ሠርግ»፣ ነገ «ሰርግ» ብለን ብንጽፍ፣ ለእኛ አንድ ነው፤ ለስልኩ ግን ሁለት ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ አንዱን አጻጻፍ መርጠን በዚያው እንጽና።

4. ቀኑን እናስተካክል። ስልኩ ፎቶ ሲያነሣ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል። የስልኩ ቀን የተሳሳተ ከሆነ ግን ስሕተቱን ይመዘግባል። ደግሞም የሚቈጥረው ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው። በ2016 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት የተነሣውን ፎቶ ስልኩ ጃንዩወሪ 20 ቀን 2024 ብሎ ይጽፈዋል። በእኛ አቈጣጠር መያዝ ከፈለግን ዓመቱን አስቀድመን፣ ወሩን አስከትለን፣ ቀኑን በመጨረሻ «2016-05-11 ጥምቀት ቡሬ» ብለን እንሰይመው። ጥር ከመስከረም 5ኛ ወር ነውና። እንዲህ ከሆነ ፎቶዎቹ ራሳቸው በዘመን ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ።

5. በሁለት ቦታ እናስቀምጥ። ስልክ ውኃ ውስጥ ይወድቃል፤ ይሰረቃል፤ ይበላሻል። ስለዚህ አንዱን ቅጂ በሜሞሪ ካርድ ወይም በዘመድ ኮምፒዩተር ላይ እናኑር። በቴሌግራም ስንልክ ፎቶው ይቀንሳል፤ ውስጡ የተመዘገበው ቀንም ይጠፋል። በፋይል መልክ ብንልከው ግን እንዳለ ይደርሳል። ዋና ዋናዎቹን ደግሞ በወረቀት አሳጥበን፣ በጀርባቸው ስም ጽፈን ብናስቀምጥ መልካም ነው።

አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ያንድን ሰው ፊት ለይተው ፎቶዎቹን ባንድ ላይ ይሰበስባሉ። ስሙን ግን አያውቁትም። «ይህ ማን ነው?» ብለው እኛን ይጠይቃሉ። እኛስ ማንን እንጠይቅ? በቤታችን ያሉትን ሽማግሌና አሮጊት ነው። በአሮጌው የሠርግ ፎቶ ላይ ዳር የቆመችው ሴት ማን እንደ ሆነች የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው። እነርሱ ካለፉ በኋላ የሚነግረን የለም።

ስለዚህ ነገ ከነገ ወዲያ አንበል። በሚመጣው እሑድ ቡና ሲፈላ ስልኩን ይዘን ከአጠገባቸው እንቀመጥ። አንድ ባንድ እያሳየን እንጠይቅ፤ የነገሩንንም እዚያው እንጻፍ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሚውለው ግን የጻፈው ሰው ሲኖር ነው።

ጥያቄዎች
1. አልበምና መለያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. አንድን ቃል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?
3. በቤታችሁ ስሙ ያልተጻፈ ፎቶግራፍ አለ? የሚያውቀው ማን ነው?