የሚጥል በሽታና ትንሿ የቢ6 ፍሬ

እኛ አገር የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚፈለገው ክብሪት ነው። ውርጌሳ ላይ፣ የመርሳ መኪና ከሚጠበቅበት መንገድ ዳር፣ አንድ ወጣት ወድቆ እግሩ አስፋልቱን ሲደበድብ ሰዎች ክብሪት እየጫሩ አፍንጫው ሥር ሲይዙለት አይቻለሁ። ሁሉም ያደረጉት በቅንነት ነው። ግን ክብሪት መናዱን አያቆምም። በጎኑ አስተኙት፤ ራሱ ሥር ነጠላ ወይም ጋቢ አጥፋችሁ አድርጉለት፤ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። 5 ደቂቃ ካለፈው ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሩጡ።

ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሚወድቀው?

የአንጎል ሴሎች የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው። ግሉታሜት ያነቃቃል፣ ጋባ ያረጋጋል። የሚገርመው፣ ጋባ የሚሠራው ከዚያው ከግሉታሜት መሆኑ ነው። ለዋጩ ጋድ የሚባል ኢንዛይም ሲሆን፣ የአሠራሩ መመሪያ 2ኛው ክሮሞዞም ላይ ጋድ-1 በተባለው ዘረመል ውስጥ ይገኛል። በማነቃቂያውና በማረጋጊያው መካከል ያለው ሚዛን ሲዛባ ሴሎቹ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ ሰውየውም ይንቀጠቀጣል። የሚጥል በሽታ ሁሉ የዚህ ዘረመል ብልሽት ነው ማለቴ አይደለም። በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ ማጅራት ገትር፣ የጭንቅላት ምት ሊያመጡት ይችላሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ባደረጉት ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ላይ አግኝተውታል። ስለዚህ በየቀበሌው አለ፣ የተደበቀ ስለሆነ እንጂ።

ከጤና ጣቢያ የምትወስዱት ፌኖባርቢታል የጋባን ሥራ ያጠነክራል። በድንገት ሲቋረጥ ከበፊቱ የባሰ፣ አልቆም የሚል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ጠበሉንም ዱዓውንም አልቃወምም፤ ፍሬዋን ግን አታቋርጡ፣ ሳታልቅባችሁም ሂዱና ውሰዱ።

አሁን ወደ ቢ6። ጋድ ያለዚህ ቫይታሚን አይሠራም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ፣ በዝግጅቱ ሙቀት ቢ6 የጠፋበትን የቆርቆሮ ወተት የጠጡ ሕፃናት ይንቀጠቀጡ ነበር። ቫይታሚኑ ሲሰጣቸው ተሻላቸው።

ለእኛ ይህ ሩቅ አይደለም። አይኤንኤች የተባለው የቲቢ መድኃኒት የሰውነትን ቢ6 ያጠፋል። ነርሷ ከአይኤንኤች ጋር ትንሿን የቢ6 ፍሬ የምትጨምርላችሁ ለዚህ ነው፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ለሆነች፣ ስኳር ወይም ኤችአይቪ ላለበት፣ በምግብ እጥረት ለተጎዳ። አይኤንኤችን በታዘዘው መጠን እየወሰዳችሁ ቢ6 ሲያንስ እግር ያቃጥላል፣ ይደነዝዛል። «ቫይታሚን ናት» ብሎ የሚተዋት ሰው ስላለ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። አይኤንኤችን ራሱን ደግሞ ከልጆች አርቁ። አንድ ልጅ ብዙ ፍሬ ቢውጥ ጋባው ይወርድና መንቀጥቀጥ ይይዘዋል፤ የሚያድነውም በደም ሥር የሚሰጥ ቢ6 ነው። ከደረሰ «እስኪ እንየው» ሳትሉ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፣ የመድኃኒቱን መያዣም አብራችሁ ያዙ።