የምንሸጠውም የምንገዛውም ለልጅ ነው



ባለፈው ተርም ትንንሾቹ ልጆች «የቤተሰቤ ሥራ» በሚል ርዕስ አምስት ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ አድርገን ነበር። አንድ ልጅ ስለ እናቱ አራት መስመር ጻፈ፤ ስለ አባቱ ግን አንድም ቃል የለም። «አባትህስ?» ስንለው ዝም አለ። ሌሎቹ ለእረፍት ሲወጡ ወደ ጠረጴዛችን መጣና ቀስ ብሎ፣ «አባቴ ስፓዛ አለው። ትምህርት ቤት ልጆቹ የናንተ ሱቅ ሰው ይገድላል ይሉኛል» አለን።

እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን ደህና መልስ አልሰጠነውም። «ተዋቸው፣ አትስማቸው» ብለን አለፍነው። ቤታችን ከገባን በኋላ ግን ነገሩ አላስተኛንም። ልጁ የፈለገው ማጽናኛ ብቻ አልነበረም፤ እውነት ነው ወይ ብሎ መጠየቁም ነበር። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ አላችሁ፣ ወይም ጄፒ ላይ ትነግዳላችሁ፣ ወይም ዘመዳችሁ ይነግዳል። ሁላችሁም ደግሞ ከሱቅ ገዝታችሁ ልጆቻችሁን ታበላላችሁ። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ለሻጭም ለገዢም ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ናሌዲ ላይ ምን ሆነ?

በኦክቶበር 2024 መጀመሪያ ላይ ሶዌቶ ውስጥ ናሌዲ በሚባለው ሰፈር ስድስት ትንንሽ ልጆች ከሱቅ የተገዛ መክሰስ ከበሉ በኋላ ሞቱ። ምርመራው ሲወጣ የገደላቸው ቴርቡፎስ የሚባል የተባይ መርዝ ሆኖ ተገኘ። የጤና ሚኒስትሩ ዶክተር አሮን ሞትሶአሌዲ ውጤቱን በዚያው ወር መጨረሻ ለሕዝብ ተናገሩ። ኖቬምበር 15 ቀን ደግሞ ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ ለሕዝቡ ባደረጉት ንግግር፣ ከሴፕቴምበር መጀመሪያ ወዲህ በመላ አገሪቱ 890 ከምግብ ጋር የተያያዙ የሕመም አደጋዎች እንደተመዘገቡና ቢያንስ 22 ልጆች እንደሞቱ ገለጹ። ስፓዛ ሱቆች በሙሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡም አዘዙ። ጊዜው በኋላ እስከ ፌብሩዋሪ 28፣ 2025 ተራዝሟል።

ያን ሰሞን የሆነውን እናንተ ከኛ በላይ ታውቁታላችሁ። በብዙ ሎኬሽኖች የውጭ ዜጎች ሱቆች በጉልበት ተዘጉ፣ ተዘረፉም። ፕሬዚዳንቱ በዚያው ንግግር ሆን ተብሎ ልጆችን ለመመረዝ የተደረገ ዘመቻ ስለመኖሩ አስተማማኝ ማስረጃ እንደሌለ፣ እነዚህ ዕቃዎች በደቡብ አፍሪካውያን ሱቆችም እንደሚሸጡ ተናግረዋል። ነገር ግን ወሬ ከእውነት ቀድሞ ይሮጣል። ያ ወሬ ነው ዞሮ ዞሮ እኛ ክፍል ድረስ የመጣው።

መርዙ ከምግብ ጋር የት ተገናኘ?

ቴርቡፎስ ለትልልቅ እርሻዎች ብቻ የተፈቀደ ኬሚካል ነበር። በቆሎና ድንች ላይ ያለውን ተባይ ይገድላል። ይሁን እንጂ ከእርሻ እየሾለከ በትንንሽ ፌስታል ተቋጥሮ መንገድ ላይ የአይጥ መርዝ ተብሎ ይሸጥ ነበር። ቆሻሻ በጊዜው በማይነሳበት ሰፈር አይጥ ይበዛል፤ አይጥ ሲበዛ ሰው ርካሽና ፈጣን ነገር ይፈልጋል። ባለ ሱቁም፣ አከፋፋዩም፣ እቤቱ ያለውም ሰው ይገዛዋል። ከዚያ በተበላበት እጅ፣ በመደርደሪያ፣ በካርቶን፣ በወለል ላይ ይዛመታል። በጣም ትንሽ መጠን ለሕፃን ልጅ ሞት ነው። በጁን 2025 የደቡብ አፍሪካ ካቢኔ ቴርቡፎስ እንዲታገድ ወስኗል። ታገደ ማለት ግን በየቤቱና በየሱቁ ተቀምጦ የነበረው ጠፋ ማለት አይደለም።

ከኛ ከአስተማሪዎቹ አንዷ ወደዚህ አገር እንደመጣች ሁለት ዓመት ዘመዷ ሱቅ ውስጥ ሠርታለች። ሩዙ፣ ዱቄቱ፣ የልጆች ቺፕሱና የአይጥ መርዙ አንድ ጥግ ላይ ነበሩ። ማታ እዚያው ክፍል ውስጥ ይተኛሉ። «ክፋት አልነበረብንም፤ የሚነግረን ሰውም አልነበረም፤ እግዜር ጠበቀን» ትላለች። ከኛ መሀል እንዲህ የሚያደርግ የለም ብለን አንምልም። እናንተም አትምሉም።

ትልቅ ፋብሪካም አያድንም

«እኔ ከስፓዛ አልገዛም፣ ከትልቅ ሱፐርማርኬት ነው የምገዛው» የምትሉ ወላጆች አላችሁ። ከ2017 እስከ 2018 የሆነውን እናስታውሳችሁ። ሊስቴሪያ የምትባል ባክቴሪያ በዚች አገር በምርመራ የተረጋገጡ 1,060 ሰዎችን አሳመመች፣ 216 ሰዎች ሞቱ። በዓለም ላይ እስከዚያ ከተመዘገቡት የሊስቴሪያ ወረርሽኞች ሁሉ ትልቁ ነበር። ከታመሙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ጋውቴንግ ነበሩ፤ ከአሥሩ አራት ያህሉ ደግሞ ገና አንድ ወር ያልሞላቸው ጨቅላዎች ነበሩ። እናቶቻቸው እርጉዝ ሳሉ የበሉት ነው የደረሰባቸው።

ምንጩን ለማወቅ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። አንዱ ትልቅ ፍንጭ የተገኘው በጃንዋሪ 2018፣ ከአንድ የሶዌቶ መዋዕለ ሕፃናት ዘጠኝ ልጆች ታመው ክሪስ ሃኒ ባራግዋናት ሆስፒታል ሲገቡ ነው። መርማሪዎች መዋዕለ ሕፃናቱ ሄደው ፍሪጅ ከፈቱ፤ ፖሎኒ አገኙ። በማርች 4፣ 2018 ፖሎክዋኔ ያለው የኢንተርፕራይዝ ፋብሪካ የወረርሽኙ ምንጭ መሆኑ ይፋ ተደረገ። ስሙ የታወቀ፣ ዕቃው በየሱፐርማርኬቱ ያለ ፋብሪካ ነው።

ሊስቴሪያን ክፉ የሚያደርጋት ፍሪጅ ውስጥም መራባቷ ነው። ሽታ የላትም፣ ቀለም አትቀይርም። ሕመሙም አንዳንዴ ከተበላ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚመጣው። ደግነቱ በደንብ ሲበስል ትሞታለች። ፖሎኒና ቪየና ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይሞቁ፣ እንዲሁ ከፍሪጅ ወጥተው ዳቦ ውስጥ ነው የሚገቡት።

ስለዚህ የሱቁ ትልቅነትም ሆነ የባለቤቱ ዜግነት ለልጃችሁ ዋስትና አይሆንም። ወሳኙ ምግቡ ከምን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ቀዝቃዛው በቅዝቃዜው መቆየቱ፣ ቀኑ መታየቱ ነው።

ሱቅ ላላችሁ ወላጆች

አንደኛ፣ መንገድ ላይ በፌስታል የሚሸጥ የአይጥ መርዝ ወደ ሱቁም ወደ ቤቱም አይግባ። ካለ በባዶ እጅ አትንኩት፣ ሽንት ቤት ውስጥም አትድፉት፤ የማዘጋጃ ቤቱን የጤና ተቆጣጣሪዎች ጠይቁ። ወጥመድ ተጠቀሙ፣ ቀዳዳ ድፈኑ፣ እህልና ዱቄት ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉ። የግድ መርዝ ካስፈለገ ጥቅሉ ላይ «ኤል» በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል የሚጀምር የምዝገባ ቁጥር ያለው ይሁን፤ ከምግብም ይራቅ።

ሁለተኛ፣ ምግብ መሬት ላይ አታስቀምጡ። ሳሙናና በረኪና ለብቻቸው፣ የሚበላው ለብቻው።

ሦስተኛ፣ ማታ ለመብራት ቁጠባ ብሎ ፍሪጅ ማጥፋት ይቅር። መብራት ጠፍቶ ለረጅም ሰዓት ከቆየ ፖሎኒውንና ወተቱን መጣል ያማል፤ እናውቃለን። ግን ገዢው ልጅ ነው።

አራተኛ፣ ዕቃ ስታመጡ ስሊፕ ያዙ። ፋብሪካው «ይህን ምርት መልሱ» ቢል፣ ወይም ተቆጣጣሪ መጥቶ «ከየት ገዛህ?» ቢላችሁ ከወንጀል የሚያወጣችሁ እሱ ነው። የማለቂያ ቀን መፋቅ ወይም መቀየር በሕግ የተከለከለ ነው።

አምስተኛ፣ ምግብ የሚሸጥ ማንኛውም ቤት ከማዘጋጃ ቤቱ የጤና ክፍል «ሰርቲፊኬት ኦፍ አክሰፕታቢሊቲ» የሚባል ወረቀት ሊኖረውና በግልጽ ሊለጥፈው ይገባል። ይሄ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው አር 638 የተባለው ደንብ ነው። ቅጹን መሙላት የከበዳችሁ ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናነበዋለን።

ለምሳ ዕቃ

በየቅዳሜው የምናየውን እንንገራችሁ። ከጠዋት እስከ ቀትር ቦርሳ ውስጥ የዋለ የፖሎኒ ዳቦ፣ ስም የሌለው ቺፕስ፣ ቀኑ የማይነበብ ከረሜላ። አንወቅሳችሁም፣ ቅዳሜ ጠዋት እንዴት እንደሚያጣድፍ እናውቃለን። ግን ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ፣ የደረቀ ዳቦ ቤት ውስጥ አይጠፋም። ፖሎኒ ወይም ቪየና ካስፈለገ ጠዋት በደንብ አሙቁት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ጠርሙስ አጠገቡ አድርጉ። እርጉዝ የሆናችሁ እናቶች ሳይሞቅ አትብሉት።

ጥቅል ላይ ያሉትን ቃላት ደግሞ እንለይ። «ዩዝ ባይ» የሚለው ቀን ካለፈ አይበላም፣ ይጣላል። «ቤስት ቢፎር» የሚለው ግን ጥራቱን የሚመለከት ነው፤ ብስኩቱ ቢለሰልስ እንጂ ወዲያው መርዝ አይሆንም።

ከሀገር ቤት የመጣው

«የኛ ከሆነ ንጹሕ ነው» የሚል እምነት አለብን። ግን አዲስ አበባም በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝ፣ እንጀራ ከጀሶ ጋር ሲቀላቀል ተይዞ በዜና ሰምተናል። በርበሬና ሽሮ ላይ የሚወጣው ሻጋታ የሚያመጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝም አለ። በአዲስ አበባ ሽሮና በርበሬ ላይ መገኘቱ በ1996 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ይህን መርዝ ተራ ማብሰል አያጠፋውም። ስለዚህ የሻገተ ወይም የሻጋታ ሽታ ያለው በርበሬ «ተነፍቶ ይበላል» አይባልም። ከምታውቁት ሰው ግዙ፣ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ።

ልጅ ድንገት ቢታመም

ልጁ በልቶ ብዙም ሳይቆይ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ካላበው፣ ካስመለሰው፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ከጠበበ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው መርዝ ሊሆን ይችላል። ወተት አታጠጡት፣ በግድ አታስመልሱት። በሞባይል 112 ወይም ለአምቡላንስ 10177 ደውሉ፤ ራሳችሁ መውሰድ ከቻላችሁም ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ሩጡ። የመርዝ መረጃ መስመር 0861 555 777 ነው። የበላውን ጥቅል በፌስታል ቋጥራችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። «ሱቁ የማን ነው» የሚለውን ጥያቄ ለኋላ አቆዩት።

ለልጆቻችን ምን እንበል?

ያን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት አግኝተን እንዲህ አልነው፦ «ልጆች መሞታቸው እውነት ነው፣ በጣም ያሳዝናል። የገደላቸው የተባይ መርዝ ነው። ጥሩ ባለ ሱቅ መርዝ ሱቁ ውስጥ አያስገባም።» ትንሽ አሰበና፣ «አባቴን እጠይቀዋለሁ» አለ።

ወላጆች ሆይ፣ እኛ የምንለው ይሄን ያህል ነው። ቀሪው መልስ ያለው እናንተ ጋ ነው። ልጃችሁ ሲጠይቃችሁ መደርደሪያውን እያሳያችሁ የምትመልሱለት እንዲሆን እንመኛለን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ባዶ የምግብ ጥቅል ይዞ ይምጣ፤ የታጠበ ይሁን። «የተመረተበት ቀን»፣ «የሚያልቅበት ቀን»፣ «ከምን ተሠራ» የሚሉትን በአማርኛ እንጽፋለን። ሱቅ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ አንዳችሁ መጥታችሁ ዕቃ እንዴት እንደሚቀመጥ ለልጆቹ ብታሳዩልን ደስ ይለናል። ከአሁኑ ንገሩን።

ቸር ይግጠመን።

የበጎ ፈቃድ አስተማሪዎቻችሁ