ሞትን በቅርብ ያየ ዕድሜውን አያባክንም

በምሽግና በጥበቃ ተራ ላይ ከሚሰሙ አነጋገሮች አንዱ «ጥይት ለሚጠብቀው ሰው ሲጋራ ምን ያደርገዋል?» የሚለው ነው። ሲሰሙት ጀግንነት ይመስላል፤ በጥሞና ለመረመረው ግን የሒሳብ ስሕተት ያለበት ሆኖ ይገኛል። ወታደር ለሞት የተዘጋጀ ነው ሲባል፣ ሕይወቱን ለተሰለፈለት ዓላማ ለመስጠት የቆረጠ ነው ማለት እንጂ፣ ሕይወቱ በከንቱ የሚጣል ርካሽ ነገር ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም የጓዱን አስከሬን ተሸክሞ ከተራራ የወረደ ሰው፣ የአንዲት ቀን እስትንፋስ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ከዚህ ዕውቀት ሊወለድ የሚገባው ጥንቃቄ እንጂ ግዴለሽነት አይደለም።

ለዚህ አብነት የሚሆን የአንድ ሐኪም ታሪክ አለ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ዶል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአገሩ ጦር ውስጥ በሐኪምነት ያገለገለና እ.ኤ.አ. በ1940 ዓ.ም. ከደንከርክ ጠረፍ ተርፈው ከተመለሱት አንዱ ነበር። እርሱም አጫሽ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር በሳንባ ካንሰር የሚሞተው ሰው ቁጥር እየበዛ በመሄዱ፣ ከኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ጋር ሆኖ መንስኤውን እንዲያጠና ተመደበ። በመጀመሪያ የጠረጠረው የመንገድ ሬንጅን ነበር።

ሁለቱ ባለሙያዎች በለንደን ሆስፒታሎች የተኙትን ሕመምተኞች አስጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1950 ዓ.ም. ባወጡት ውጤት መሠረት የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው 649 ወንዶች መካከል አጫሽ ያልነበሩት 2 ብቻ ሆነው ተገኙ። ዶል ግን ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ አልጠበቀም። በሌሎች ሰዎች መዝገብ ላይ የሰፈረው አደጋ የራሱም አደጋ መሆኑን ተረድቶ በሥራው መካከል ሲጋራውን ጣለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ያረፈው በ92 ዓመቱ ነው።

እነዚሁ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. ከ34,000 በላይ የሆኑ እንግሊዛውያን ወንድ ሐኪሞችን መዝግበው መከታተል ጀመሩ። ክትትሉም ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. የተገለጸው ውጤት፣ ማጨስን ያልተዉት በአማካይ ከማያጨሱት 10 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አመለከተ። በ60 ዓመቱ ያቆመ 3 ዓመት፣ በ50 ያቆመ 6፣ በ40 ያቆመ 9፣ በ30 ያቆመ ደግሞ 10 ዓመት ያህል ዕድሜ ያተርፋል። በሠራዊቱ ውስጥ ከሠላሳዎቹ ያልዘለለው ወጣት ብዙ በመሆኑ፣ ይህ ስሌት በቀጥታ የሚመለከተው እርሱን ነው።

ጉዳቱም እስከ እርጅና የሚጠብቅ አይደለም። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ስለሚወስድ፣ አጫሹ ዳገት ላይ ፈጥኖ ትንፋሽ ያጥረዋል። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ፣ የቆሰለ ወታደር ቁስሉ ቶሎ አይሽርለትም። በሌሊት የምትታየው የሲጋራ ፍም ለጠላት የምትሰጠውን ምልክት ደግሞ ማንኛውም ነባር ወታደር ያስረዳል።

ጉዳዩ በወታደሩ ላይ ብቻ አያበቃም። ጃፓናዊው ሐኪም ታኬሺ ሂራያማ ራሳቸው የማያጨሱ ከ91,000 በላይ ባለትዳር ሴቶችን ለ14 ዓመታት ተከታትሎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. አቀረበ። ባሎቻቸው ብዙ የሚያጨሱባቸው ሚስቶች፣ ባሎቻቸው ከማያጨሱት ጋር ሲነጻጸሩ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በጭስ በታፈነ ክፍል የሚያድግ ሕፃንም ለሳንባ ምች፣ ለአስምና ለጆሮ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል። ከግዳጅ በደኅና የተመለሰ አባት፣ ከጦር ሜዳ ያላመጣውን አደጋ በኪሱ ይዞ ወደ ቤቱ ሊገባ አይገባውም።

ይህን ልማድ መተው የሚቻል ነው። ከመጨረሻው ሲጋራ በኋላ በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ትርታ ዝግ ማለት ይጀምራል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ማጨስ በልብ ሕመም ላይ የጨመረው አደጋ በግማሽ ይቀንሳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባዶች ናቸው፤ ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣትና ራስ ምታት ይኖራሉ። ይሁን እንጂ አምሮቱ ሲነሣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ያልፋል። በዚያች ጊዜ ውሃ መጠጣት፣ ተነሥቶ መራመድ፣ ቆሎ መቆርጠም ይረዳል። የሚያቆሙበትን ቀን አስቀድሞ ቆርጦ ለጓድና ለክፍሉ ሐኪም ማሳወቅም ቁርጠኝነትን ያጠነክራል።

እናንተ የትዳር ጓደኞችም በዚህ ረገድ ድርሻችሁ ከፍተኛ ነው። ባለቤታችሁ በነዚያ ቀናት ቢነጫነጭ፣ ንጭንጩ ከሱስ ጋር የሚደረግ ትግል መሆኑን ተረድታችሁ ታገሡት። ለሲጋራ ይወጣ የነበረውን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጡና በወሩ መጨረሻ አብራችሁ ቁጠሩት። ለልጆች ጫማና ደብተር ሲውል ማየቱ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ሞት ለሁላችንም አይቀርም፤ ወታደርም ይህን ከማንም በፊት ተቀብሎታል። የተቀበለው ግን ለታላቅ ነገር ነው። ይህን ታላቅ ስጦታ በየቀኑ በጭስ መልክ ቆራርሶ መበተን ለራስም፣ ለጓድም፣ በር በሩን እያየች ለምትጠብቅ ቤተሰብም የሚገባ አይደለም።