ውኃ አዲስ አበባ ላይ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚፈላ የሳይንስ ትምህርት የጀመረ ተማሪ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ይሁንና ይኸው ተማሪ አዲስ አበባ ባለ የመማሪያ ክፍሉ ውስጥ ውኃ አፍልቶ ቴርሞሜትር ቢከትበት፣ የሚያነበው ቁጥር ወደ 92 የሚጠጋ ነው። ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ያሳዝናል፤ ተማሪው ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ ያየውን ይተውና በደብተሩ ላይ 100 ብሎ ይጽፋል። በእኛ እምነት ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው ይኸው የተጣለው 92 ነው።

በቅድሚያ የተጠረጠረውን መሣሪያ እንመርምር። በረዶ ሰባብረን ከጥቂት ውኃ ጋር በብርጭቆ ውስጥ እናድርግና ቴርሞሜትሩን እንክተትበት። ጥቂት ደቂቃ ከታገሥን 0 ወይም ለ0 እጅግ የቀረበ ቁጥር እናነባለን። እንግዲህ የመሣሪያው መነሻ አልተዛባም፤ ምክንያቱን ከሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርብናል።

ውኃ የሚፈላው በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ግፊት ከላይ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እንፋሎቱ ይህን ቀለል ያለ ጫና ለማሸነፍ 100 ዲግሪ መድረስ አያስፈልገውም። በራስ ዳሸን ጫፍ 85 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል፤ ከባሕር ጠለል በታች በሚገኘው ዳሎል ደግሞ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል። በረዶ ሲቀልጥ ግን መጠኑ የሚለወጠው በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ የአየር ግፊት ለውጥ እምብዛም አይነካውም። የበረዶው 0 በደጋም በቆላም ያው መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ማብራሪያ በቃል ብቻ እንዳይቀር አንድ አዲስ ሲሪንጅ ያለ መርፌው እናዘጋጅ። አስቀድሞ ፈልቶ እስከ 60 ዲግሪ ገደማ የበረደ ውኃ እስከ ሩቡ ድረስ እንሳብበት፤ አየሩን እናስወጣና አፉን በጎማ አጥብቀን እንድፈነው። አሁን መግፊያውን ወደ ኋላ በኃይል ስንስበው ውኃው ያለ እሳት ይንተከተካል፤ ስንለቀው ጸጥ ይላል። ውኃው አስቀድሞ እንዲፈላ የምናደርገው፣ የሚታዩት አረፋዎች በውኃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ናቸው የሚል ተማሪ ስለማይጠፋ ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ሊመሰገንበትም ይገባል። ሙከራው በግልጽ የሚያሳየው መፍላትና መጋል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

ይህን የተረዳ ተማሪ በደጋ አገር ባቄላና ሽምብራ ለምን ቶሎ እንደማይበስሉ ለቤተሰቡ ማስረዳት ይችላል። በሚንተከተክ ድስት ሥር እንጨት መጨመር ውኃውን ያተናል እንጂ አያግለውም። ጨው ቢጨመርስ? በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 58 ግራም ጨው አሟሙተን ብንለካ የመፍያው ነጥብ ከፍ የሚለው 1 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የጎደሉትን 8 ዲግሪዎች በጨው እንመልስ ካልን ወጡን የሚበላው አይገኝም።

ስለ መጠጥ ውኃም ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ከ92 ዲግሪ በታችም ስለሚሞቱ የደጋው ፍል ውኃ ለመጠጥ አያሰጋም። ሆኖም የጤና ባለሙያዎች ለጥንቃቄ ሲሉ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚኖር ሰው ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ በ1 ደቂቃ ፈንታ 3 ደቂቃ እንዲያቆየው ይመክራሉ።