ሸክላውን መገልበጥ፦ የሸክላ ሙዚቃና ክላሲክ ሮክ በአዲሱ ትውልድ ዘንድ

መግቢያ

የዚህ አጭር ጽሑፍ መነሻ አንድ የቤት ውስጥ ገጠመኝ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ፣ አጎታችን ከውጭ ሲመለስ ይዞት በመጣው የሸክላ ማጫወቻ፣ «አቤይ ሮድ» የተሰኘውን የቢትልስ አልበም (1969) ለመጀመሪያ ጊዜ ያዳምጥ ነበር። ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱን፣ «ሂር ካምስ ዘ ሰን»ን፣ በስልኩ ደጋግሞ ስለሰማው በቃሉ ያውቀዋል። የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ መጨረሻ ላይ ያለው ዘፈን ግን እየከበደና እየጮኸ ሄዶ፣ መቋጫ ሳያገኝ በድንገት ተቆረጠ፤ ክፍሉም ጸጥ አለ። ወንድሜ ደንግጦ «ጋሼ፣ ተበላሸ እንዴ?» ሲል ጠየቀ። አጎታችንም «አልተበላሸም፤ ገልብጠው» አለው። ተነሥቶ ገለበጠው፤ መርፌውንም ዳር ላይ አሳረፈ። ያን ጊዜ ያ በቃሉ የሚያውቀው ዘፈን ጀመረ። «ለካ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ነው የሚመጣው!» አለ።

በስልክ ስንት ጊዜ የሰማውን ዘፈን እንደ አዲስ ያሰማው ምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ሰፋ አድርጎ፣ ከሸክላ ዘመን በኋላ የተወለዱ ወጣቶች በተለይ በአሜሪካና በእንግሊዝ ወደ ሸክላና ወደ ክላሲክ ሮክ ለምን እንደተመለሱ ለማብራራት ይሞክራል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ሸክላ ለወጣቱ የሚሰጠው ዋና ነገር የተሻለ ድምፅ ሳይሆን ሙዚቃው የተደረሰበትን ቅርጽ ነው። ይህ ቅርጽ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊተላለፍ የሚችለው ደግሞ ዕቃው ተጠብቆ ሲቆይ ብቻ ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የክስተቱ መጠን

ሸክላ በ1980ዎቹ መጨረሻ በሲዲ ተተክቶ ከገበያ ሊወጣ የተቃረበ ዕቃ ነበር። በ2008 በአሜሪካ የነጻ ሙዚቃ መሸጫ ሱቆች ዓመታዊ የሸክላ ሱቆች ቀን ማክበር ሲጀምሩ፣ ድርጊቱ ከመጥፋት የማዳን ጥረት እንጂ የትንሣኤ ምልክት አይመስልም ነበር። ሆኖም የአሜሪካ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር ባወጣው መረጃ መሠረት፣ በ2022 በአገሪቱ 41 ሚሊዮን ያህል ሸክላ ሲሸጥ የሲዲው ቁጥር 33 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሸክላ በብዛት ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

ቁጥሩ በሁለት ማስጠንቀቂያዎች መነበብ ይኖርበታል። አንደኛ፣ በዚያው ዓመት ከአሜሪካ የቀረጻ ሙዚቃ ገቢ ከአምስት እጅ አራቱ እጅ በላይ የመጣው ከኢንተርኔት ማዳመጫዎች ነው፤ ሸክላ የተተካውን ቦታ መልሶ አልያዘም። ሁለተኛ፣ ወጣቶች የሚገዙት ክላሲክ ሮክን ብቻ አይደለም፤ የዓመቱ ቀዳሚ ሽያጭ የቴይለር ስዊፍት አዲስ አልበም ነበር። ይሁንና እንደ ፍሊትውድ ማክ «ሩመርስ» (1977) እና እንደ ፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» (1973) ያሉ አልበሞች፣ ገዢያቸው ገና ሳይወለድ የተሠሩ ሆነው ሳለ፣ ዛሬም በሸክላ ይሸጣሉ።

ሁለት የተለመዱ ማብራሪያዎች

ለዚህ መመለስ በተደጋጋሚ የሚሰጡት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ናፍቆት ነው። ናፍቆት የስልሳ ዓመቱን ሰው ሊያስረዳ ይችላል፤ የአሥራ ሰባት ዓመቱን ግን አያስረዳም። ወጣቱ በዘመኑ ያልኖረበትን ነገር ሊያስታውስ አይችልምና ድርጊቱን «መመለስ» ብለን የምንጠራው እኛ ነን፤ ለእርሱ የመጀመሪያ ትውውቅ ነው።

ሁለተኛው የድምፅ ጥራት ነው። በመለኪያ ሲታይ ይህም ብዙ አያራምድም። አንድ መሣሪያ ሊይዘው በሚችለው እጅግ ዝቅተኛና እጅግ ከፍተኛ ድምፅ መካከል ያለው ርቀት፣ በባለ 16 ቢት ሲዲ 96 ዴሲቤል ያህል ሲሆን፣ በጥሩ ሸክላ ግን 70 ዴሲቤል ገደማ ነው። በ2022 ደግሞ ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው ኩባንያ፣ ገዢዎች ከጥንቱ ቴፕ በቀጥታ እንደተቀዱ ያምኑባቸው የነበሩ ብዙ ሸክላዎቹ በምርት ሂደታቸው ዲጂታል ደረጃ እንዳለፉ ታወቀ። «ንጹሕ የአናሎግ ድምፅ» እያሉ ሲያወድሷቸው የኖሩ አድማጮች ልዩነቱን በጆሯቸው አልደረሱበትም ነበር።

እርግጥ ነው፣ አንዳንድ ሸክላ ከዚያው አልበም ሲዲ የተሻለ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ግን ብዙውን ጊዜ ዕቃው ሳይሆን አዘገጃጀቱ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ብዙ ሲዲዎች ከሌሎች ጎልተው እንዲሰሙ ተብሎ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ድምፅ ተቀራርቦ ተዘጋጅተዋል። የሸክላ ቅጂ ይህን ያህል ጭነት ስለማይችል በለዘበ መልክ ይዘጋጃል።

ሸክላ እንዴት ይሠራል?

ቅርጽ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ለመረዳት የሸክላውን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። በሸክላ ገጽ ላይ የሚታዩት ብዙ ክቦች በእውነቱ ከዳር ወደ መሐል የሚጠመዘዝ አንድ ቀጭን ቦይ ናቸው። የቦዩ ሁለት ግድግዳዎች የግራውንና የቀኙን ድምፅ ሞገድ ተሸክመዋል። መርፌው በቦዩ ውስጥ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፤ ንቅጥቅጡ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩም ወደ ድምፅ ይለወጣል።

ከዚህ አሠራር ሁለት ገደቦች ይመነጫሉ። የመጀመሪያው የጊዜ ገደብ ነው። ወፍራም የባስ ድምፅ መርፌውን በሰፊው ስለሚያወዛውዘው ብዙ ቦታ ይፈጃል። ስለዚህ ሲቀረጽ ባሱ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ጎልቶ ይቀረጻል፤ ማጫወቻው ሲያሰማ ተቃራኒውን አድርጎ ያስተካክለዋል። የማስተካከያው መጠን በአሜሪካ ወጥ ሆኖ የተደነገገው በ1954 ነው። ያም ሆኖ ድምፁ በጎላ ቁጥር ቦዮቹ ስለሚራራቁ ገጹ ቶሎ ያልቃል። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረው፣ በ1948 ለገበያ የቀረበው ረጅም ሸክላ በአንድ ገጹ በተለምዶ 22 ደቂቃ ያህል ይይዛል።

ሁለተኛው የቦታ ገደብ ነው። ሸክላው የሚዞርበት ፍጥነት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቢሆንም፣ በመርፌው ሥር የሚያልፈው የቦይ ርዝመት ግን አንድ አይደለም። በዳር፣ ዲያሜትሩ 29 ሴንቲሜትር ያህል በሆነበት፣ በሰከንድ 51 ሴንቲሜትር ያልፋል፤ መሐል አካባቢ፣ ዲያሜትሩ ወደ 12 ሴንቲሜትር ሲወርድ፣ 21 ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል። ያው የአንድ ሰከንድ ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ተጨናንቆ ይቀረጻል ማለት ነው። በዚህም የተነሣ የየገጹ የመጨረሻ ዘፈን ብዙ ጊዜ ለስለስ ያለ እንዲሆን ይደረግ ነበር። «አቤይ ሮድ» በመጀመሪያ ገጹ መጨረሻ ከባዱን ዘፈን ማስቀመጡ ከልማዱ የወጣ ምርጫ ነው።

ገደብ ቅርጽ ሲሆን

ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሮክ ሙዚቀኞች አልበምን እንደ ዘፈኖች ስብስብ ሳይሆን እንደ አንድ ሥራ ማሰብ ሲጀምሩ፣ እነዚህ ገደቦች የድርሰቱ አካል ሆኑ። አልበሙ ሁለት መጀመሪያና ሁለት መጨረሻ አለው፤ በመካከላቸውም አድማጩ ተነሥቶ ሸክላውን የሚገለብጥበት የዝምታ ጊዜ አለ። በ«ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» የመጀመሪያው ገጽ ስለ ሞት በሚያሰላስል፣ ቃል በሌለው የሴት ድምፅ ያበቃል፤ ሁለተኛው በገንዘብ ሽልንግታ ይከፈታል። አልበሙ የሚጀምረውም የሚያበቃውም በልብ ትርታ ነው። በ1967 በወጣው የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐርስ» የእንግሊዝ እትም ደግሞ፣ መርፌው ሥራውን ጨርሶ በሚሽከረከርበት የመጨረሻ ክብ ላይ ሳይቀር ድምፅ ተቀርጾበታል፤ አድማጩ እጁን ካልሰነዘረ አያበቃም።

በኢንተርኔት ማዳመጫ ይህ ሁሉ ይለሰልሳል። በድንገት የተቆረጠው ዘፈን ወዲያው በሚቀጥለው ይሸፈናል፤ የዝምታው ጊዜ ይጠፋል። ወንድሜ በስልኩ ያጣው ይህንን ነበር፤ ዘፈኑን ያውቀዋል፣ ከምን በኋላ እንደሚመጣ ግን አያውቅም ነበር። በስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው፤ ይህም ቀስ ብሎ የሚገነባ መግቢያን አያበረታታም። ጉዳዩ የሮክ አድማጮች ቅሬታ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየው፣ በ2021 አዴል የተባለችው ድምፃዊት ባቀረበችው ጥያቄ ስፖቲፋይ አልበሞች ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው እንዲሰሙ አሠራሩን ማሻሻሉ ነው።

ሸክላ አድማጩን አይከለክለውም፤ ዘፈን መዝለል ይቻላል። ነገር ግን ለመዝለል መነሣት፣ መርፌውን ማንሳት፣ ቦታውን በዓይን መፈለግ ያስፈልጋል። በዚህ ድካም ምክንያት ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብሎ መስማት ቀላሉ ምርጫ ይሆናል። ድምፁ በክፍሉ ውስጥ ስለሚሰማ ደግሞ አብሮ የተቀመጠ ሁሉ ይጋራዋል። ጆሮ ውስጥ የሚሰካው ማዳመጫ ለየብቻ የሚያደርገውን ሸክላው በጋራ ያደርገዋል።

መከራከሪያውን የሚፈትን መረጃ

ከላይ የቀረበውን ሐሳብ የሚፈትን አንድ መረጃ አለ። ሉሚኔት የተባለው የሙዚቃ መረጃ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ ባለፉት 12 ወራት ሸክላ ከገዙት ሰዎች የማጫወቻው ባለቤቶች ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ለቀሪዎቹ ሸክላ በዋናነት የሚሰማ ሳይሆን የሚያዝ፣ የሚታይ፣ ለሙዚቀኛው ድጋፍ የሚገለጽበት ዕቃ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ስለዚህ «ወጣቱ ወደ ጥሞና ተመለሰ» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ወጣቱን ወደ ክላሲክ ሮክ የሚወስደው መንገድ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስልኩ ነው። በ2020 አንድ ሰው በሰሌዳ ላይ ቆሞ በመንገድ እየተንሸራተተ የሚታይበት አጭር የቲክቶክ ቪዲዮ፣ «ሩመርስ»ን ከወጣ ከ43 ዓመት በኋላ ወደ አሜሪካ የመጀመሪያዎቹ 10 አልበሞች መለሰው። በ2022 ደግሞ አንድ ተከታታይ ፊልም የኬት ቡሽን የ1985 ዘፈን በእንግሊዝ አንደኛ አደረገው። ስለዚህ ስልክና ሸክላ ጠላቶች አይደሉም፤ ስልኩ ያስተዋውቃል፣ ሸክላው ያቆያል። መከራከሪያው የሚጸናው በዚህ ልክ ነው፤ ሸክላ ዕድሉን ይሰጣል፣ የሚጠቀምበት ግን ማጫወቻ ያለውና የሚቀመጥ ሰው ነው።

የእኛ ሸክላ

የሮክ አልበሞች ለአዲሱ ትውልድ ሊደርሱ የቻሉት ዋና ቅጂዎቻቸው በብዛት ስለተጠበቁ ነው። «አቤይ ሮድ» በ2019፣ በሃምሳኛ ዓመቱ፣ ከመጀመሪያው ቴፕ ተነሥቶ እንደገና ሊቀናበር ችሏል። በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ ግን የተለየ ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 ይህን ጥሶ የራሱን አሳታሚ ድርጅት ከፈተ፤ ሸክላዎቹንም በውጭ አገር፣ መጀመሪያ በህንድ፣ እያሳተመ ማስገባት ጀመረ። በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ አንድ መቶ ያህል ትናንሽ፣ አሥራ ሁለት ያህል ደግሞ ረጃጅም ሸክላዎች አውጥቷል። ብዙም ሳይቆይ ካሴት ሸክላን ተካው። ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳይ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሥራ ይህን ሙዚቃ ለዓለም አቀረበ። የኃይሉ መርጊያ የ1985 ካሴትም በ2013 በአሜሪካ አሳታሚ በሸክላ ታትሞ ወጣ። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያዊ ወጣት የአያቱን ዘመን ሙዚቃ የሚያገኘው በውጭ አገር ተመርጦና ተዘጋጅቶ ነው። ሥራው የሚመሰገን ቢሆንም፣ ምርጫውና ማብራሪያው የሌላ ሰው መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የኢትዮጵያ ሸክላ በአብዛኛው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር፣ በአንድ ገጹ አንድ ዘፈን የሚይዝ ነው። ቅርጹ ከሮክ አልበም ይለያል፤ ሁለት ዘፈኖች ጀርባ ለጀርባ ይጣመራሉ። የትኛው ዘፈን ከየትኛው ጋር እንደተጣመረ፣ የትኛው ገጽ ቀዳሚ እንደሆነ የሚነግረን ዕቃው ራሱ ብቻ ነው፤ ዘፈኖቹ ተነጥለው በስብስብ ሲታተሙ ይህ መረጃ ይቀራል። ዋናው ቴፕ ባልተገኘበት ጊዜ ደግሞ ከሰው ቤት የተረፈው ሸክላ ብቸኛ ምንጭ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ወጣቶች በሸክላ የሚያገኙት ያልኖሩበትን ዘመን ሳይሆን፣ ዘፈን ከዘፈን ጋር የተያያዘበትን ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት በዕቃው ላይ የተጻፈ ስለሆነ ዕቃው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሁለት ነገሮች በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አቅም ሊጀመሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው በየቤቱ ያሉ ሸክላዎችን መመዝገብ ነው፤ የሁለቱንም ገጽ ዘፈን፣ በመለያው ላይ ያለውን ቁጥርና የባለቤቱን ትዝታ ጭምር። ሁለተኛው ሸክላዎቹ ሳይሸጡ ወይም ሳይሰበሩ በደህና መርፌ እንዲቀዱ ማድረግ ነው። እስከዚያው ድረስ ሸክላ ያለው ሰው ከሙቀት አርቆ፣ አንዱን በሌላው ላይ ሳይከምር፣ አቁሞ ቢያስቀምጠው ብዙ ያተርፋል።

አጎታችን ከሮክ አልበሞቹ ጋር ጥቂት የአማርኛ ሸክላዎችም ነበሩት። ወንድሜ በሚቀጥለው እሑድ አንዱን አውጥቶ አጫወተ። ዘፈኑ ሲያልቅ ማንም ሳይነግረው ገለበጠው። የሁለቱንም ገጽ ርእስ በደብተር የጻፍነው በዚያው ዕለት ነው፤ ምዝገባው ከዚያ ሣጥን ተጀምሯል።