ጸናጽሉ ግራፉ ላይ የት ነው?

እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ከአንዱ የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ ጎራ ብሎ የጆሮ ማዳመጫ ለጠየቀ ሰው፣ ባለሱቁ አስቀድሞ የሚነግረው «ቤዙ ይመታል» የሚለውን ነው። አብዛኛው ገዢም የሚፈልገው ይህንኑ መስማት ነው። ካርቶኑን ገልበጥ ላደረገ ደግሞ «ከ20 ኸርዝ እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚል ጽሑፍ ይጠብቀዋል። የርካሹም የውዱም ካርቶን ላይ አለ። ይህ ቁጥር ጤናማ የወጣት ጆሮ የሚሰማውን የድምፅ ክልል ይናገር ይሆናል እንጂ ስለ ዕቃው የሚነግረን ነገር የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ክልል ውስጥ ድምፅ ማውጣት ማንኛውም ማዳመጫ አያቅተውም። ጥያቄው የቱን አጉልቶ የቱን ውጦ ያወጣል ነው። መልሱ ያለው ካርቶን ላይ በማይታተም አንድ ጠመዝማዛ መስመር ውስጥ ነው፤ ባለሙያዎቹ የድግግሞሽ ምላሽ ግራፍ ይሉታል።

ግራፉ ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበብ ከወፍራም ድምፅ ወደ ቀጭን ይሄዳል። ወደ ላይ ሲነበብ ጉልበትን በዴሲቤል ይለካል። አግድሙ እርምጃው እኩል አይደለም፤ ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ያለው ስፋት ከ200 እስከ 2,000 ካለው ጋር አንድ ነው። ጆሮ የድምፅን ከፍታ የሚመዝነው በእጥፍ እንጂ በመደመር ስላልሆነ ነው። በቁሙ በኩል 10 ዴሲቤል ልዩነት ለጆሮ በግምት የእጥፍ ጩኸት ነው፤ 1 ዴሲቤል ግን ትኩረት ካልሰጡት ሊያመልጥ ይችላል። እዚህ ላይ ገዢ የሚሸወድበት መንገድ አለ። አንዳንድ አምራች ቁሙን በ100 ዴሲቤል ይዘረጋውና 10 ዴሲቤል የሚያህል ጉብታ ሜዳ መስሎ ይታያል። ስለዚህ መስመሩን ከማየት በፊት በጎን የተጻፉትን ቁጥሮች ማየት ነው።

ታዲያ ማዳመጫ የሚለካው በምን ላይ ነው? ክፍል ውስጥ ማይክ አቁሞ እንደ ድምፅ ማጉያ መለካት አይሆንም፤ ማዳመጫ ያለ ጆሮ ግማሽ ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኖውልስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኬማር የሚባል፣ ራስና ደረት ያለው አሻንጉሊት ሠራ። ጆሮዎቹ ለስላሳ ናቸው፤ ታምቡሩ ባለበት ቦታ ማይክ ተቀምጧል። ዋና ዓላማው ለመስማት የሚረዱ መሣሪያዎችን መፈተሽ ነበር። የዛሬዎቹ መለኪያዎች በአብዛኛው የእሱ ዘመዶች ናቸው፤ የዴንማርኮቹ ግራስና ብሩኤል ኤንድ ኬር የሚሠሯቸው በዘርፉ የታወቁ ናቸው። ማዳመጫው ይገጠምና ከወፍራም እስከ ቀጭን እየተንሸራተተ የሚሄድ አንድ ጩኸት ይለቀቅበታል። ከዚያ ተነቅሎ እንደገና ይገጠማል፣ እንደገና ይለካል፤ አቀማመጡ ትንሽ በተዛነፈ ቁጥር መስመሩም ስለሚዛነፍ የብዙ ልኬቶች አማካይ ይወሰዳል። ከ8,000 ኸርዝ ወዲያ መስመሩ ገደልና ሸንተረር የሚበዛበትም ለዚህ ነው። እዚያ አካባቢ ያለች ሹል ጫፍ የማዳመጫው ጠባይ ትሁን የሰው ሠራሹ ጆሮ ቀዳዳ ትሁን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ያወጧቸውን ግራፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደርም ትርፉ መሳሳት ነው።

አሁን አዲስ አንባቢን ግር የሚያሰኘው ጉዳይ ይመጣል። ጥሩ ማዳመጫ ግራፉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ ቀጥ ብሎ ከተለካ እንዲያውም መጥፎ ነው። የጆሯችን ቅርጽና ቀዳዳ ራሳቸው ድምፅን ያጎላሉ፣ በተለይ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን። ፊት ለፊታችን የቆመ ሰው ሲናገር ይህ ጉልበት በራሱ ጊዜ ይጨመርበታል፤ አንጎላችንም ለምዶታል። ማዳመጫ ግን ጆሮን ስለሚዘጋው ወይም ስለሚያልፈው ያንኑ ጉብታ ራሱ መተካት አለበት። ስለዚህ 3,000 ላይ ወደ 10 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ያለ ኮረብታ ስናይ ጉድለት ነው ብለን መደንገጥ የለብንም።

ኮረብታው ምን ያህል ይሁን፣ ቤዙስ? በዚህ ላይ ሰፊውን ሥራ የሠሩት ሐርማን ውስጥ የነበሩት ሾን ኦሊቭና ቶድ ዌልቲ ናቸው። ሐርማን የጄቢኤልና የኤኬጂ ባለቤት ነው፤ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2017 ገዝቶታል። እኛ ዘንድ «በኤኬጂ የተቃኘ» የሚል ጽሑፍ ይዘው የሚመጡት የሳምሰንግ ማዳመጫዎች ዝምድናቸው ከዚህ ነው። (የጄቢኤል አርማ ለጥፎ የሚሸጠው ሁሉ ግን ጄቢኤል እንዳልሆነ ገበያውን የሚያውቅ ያውቃል።) ተመራማሪዎቹ ሰዎችን አስቀምጠው፣ የማዳመጫውን ማንነት ሰውረው የትኛው ድምፅ እንደሚጥማቸው ጠየቁ። አብዛኛው ሰው የመረጠው ጥሩ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ጥሩ ድምፅ ማጉያ የሚሰጠውን ዓይነት ድምፅ ነበር፤ ቤዙ በጥቂት ዴሲቤል ከፍ ያለ፣ ቀጭኑ ቀስ እያለ የሚወርድ። የሐርማን መስመር የሚባለው ይህ ነው። በኋላ በወጣ ጥናታቸው 64 በመቶው ይህንኑ ወደደ፤ 15 በመቶ የሚሆነው ከዚያ የበለጠ ቤዝ ፈለገ፤ 21 በመቶው ያነሰ። ቤዝ ጨምሩልን ከሚሉት ወንዶችና ወጣቶች ይበዛሉ፤ ቀንሱልን ከሚሉት ሴቶችና ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ሰዎች።

«ቤዙ ይመታል» የሚለው ባለሱቅ ደንበኛውን ያውቃል ማለት ነው።

ይሁንና መስመሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ቤዝና ቀጭን ድምፅ በገዛ እጃቸው እንዲያስተካክሉ ከተደረጉት ሰዎች መካከል 249 የሚሆኑት በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በጀርመንና በቻይና የሚኖሩ ነበሩ። ማህሌት፣ በገና፣ ዋሽንት የሙከራው ዜማ አልነበሩም። ይህ ውጤቱን ውድቅ አያደርገውም፤ የጆሮ ቀዳዳ የትም አገር ያው ነው። ለኛ አድማጭ ግን ግራፉን በራሳችን ድምፆች እየተረጎሙ ማንበብ ይጠቅማል እላለሁ።

ለዚህ ከማህሌት የተሻለ መፈተኛ አላውቅም። ከበሮው ሁለት ፊት አለው፤ የሰፊው ፊት ምት በአብዛኛው 100 ኸርዝ ዙሪያና ከዚያ በታች ያርፋል፣ የጠባቡ ደረቅ ብሎ ከላይ ይመልስለታል። ማዳመጫው 200 ኸርዝ አካባቢ ካበጠ ሁለቱ ፊቶች ተደባልቀው አንድ ድምፅ ይሆናሉ፤ «ቤዝ አለው» የተባለው ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ቤዙ በዝቶ ሳይሆን ቦታውን ስቶ። የሊቃውንቱ ድምፅ ከ100 ኸርዝ ገደማ ተነስቶ እስከ 4,000 ድረስ ይዘረጋል፤ ቃሉ የሚለየው ከላይኛው ጫፍ በኩል ነው። ጸናጽሉ ደግሞ ከጥቂት ሺህ ኸርዝ ጀምሮ ከ10,000 በላይ ይዘልቃል። 6,000 እና 8,000 መካከል ሹል ጫፍ ያለበት ማዳመጫ ጸናጽሉን ጆሮ የሚቆርጥ ያደርገዋል፤ በንግግር ላይም «ስ» እና «ጽ» ያፏጫሉ።

በገና ሌላ ነገር ያጋልጣል። ከአሥሩ ጅማቶች ሥር የሚገቡት የቆዳ ቁርጥራጮች፣ እንዝራዎቹ፣ ያንን የሚታወቀውን ንዝረት ይፈጥራሉ። የመሠረቱ ድምፅ እጅግ ወፍራም ነው፤ ንዝረቱ ግን በመቶና በሺህ ኸርዝ እየተበተነ ወደ ላይ የሚወጣ የድምፅ ጥርቅም ነው። መሐሉ የጎደጎደ፣ ግራፉ እንደ ኮርቻ ዳርና ዳሩ ከፍ ያለ ማዳመጫ ላይ በገናው ጉምጉምታ ብቻ ይሆናል፤ ጣት የነካው ጅማት የቱ እንደሆነ ይጠፋል። ዋሽንት ግን በዚያው ማዳመጫ ላይ ብዙም ላይከፋ ይችላል፤ የትንፋሹ ሹክሹክታ ከላይኛው ጫፍ ስለሚገኝ እንዲያውም ይደምቃል። በዋሽንት ብቻ ማዳመጫ የመረጠ ሰው ኋላ በገና ሲከፍት ቢያዝን አይፈረድበትም።

የአዊ አድማጭ ሌላም መፈተኛ አለው፤ ቋንቋው አውኚ ራሱ። በአውኚ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም ይለያል። ከፍታውን የሚወስነው የድምፁ መሠረት ነው፤ የወንድ ድምፅ መሠረት 100 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የድሮው የስልክ መስመር ግን የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነበር። ሆኖም በስልክ መግባባት አልጠፋም፤ ጆሮ ከላይ ካሉት ተከታታይ ድምፆች ተነስቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋልና። ለንግግር ብቻ፣ ለሬዲዮና ለስልክ፣ ማዳመጫ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ቤዙን ትቶ ከ300 እስከ 4,000 ያለው መስመር ለስላሳ መሆኑን ቢያይ ይበቃዋል።

ዋጋውስ? ጄሮን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 የ283 ማዳመጫዎችን ልኬት ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አስተያይቶ በድግግሞሽ ምላሽና በዋጋ መካከል ዝምድና አላገኘም። የተከፈለው ብር ለጥንካሬ፣ ለምቾት፣ ለስም ሊሆን ይችላል፤ ለተሻለ መስመር ግን ዋስትና አይደለም።

ግራፍ ያልነገረን ትልቁ ነገር አገጣጠሙ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ጎማው ካልከደነ ቤዙ በክፍተቱ ይፈስሳል፤ ትንሽ ቀዳዳ ከ10 ዴሲቤል በላይ ልትወስድ ትችላለች። ጆሮ ላይ የሚደፋው ደግሞ በሹሩባ ወይም በመነጽር ዘንግ ላይ ሲያርፍ ያው ይደርስበታል። በላቦራቶሪ የሚታየው መስመር በደንብ የተከደነ ጆሮ መስመር ነው። «ቤዝ የለውም» ተብሎ ከሚመለሰው ማዳመጫ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ካርቶኑ ውስጥ የቀረውን ትልቁን ወይም ትንሹን ጎማ ቢያገኝ ይድን ነበር።

ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል። የሞተርና የጎማ ጩኸት ጉልበቱ ከታች ስለሆነ አስቀድሞ የሚውጠው ቤዙን ነው። ተሳፋሪው የጠፋበትን ቤዝ ፍለጋ ድምፁን በሙሉ ይጨምራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ግን በሳምንት ለ40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ነው። በደንብ የሚከድን ጎማ መጠቀም ይሻላል፤ ጩኸቱን ራሱን ይቀንሰዋል። ካልሆነ በስልኩ ኢኳላይዘር ሁለት ቅንብር አስቀምጦ፣ ለመንገዱ ቤዙን 3 ወይም 4 ዴሲቤል ከፍ ያደረገውን፣ ለቤት ያልተነካውን መያዝ ነው። ከፍ ባደረጉ ቁጥር አጠቃላይ ድምፁን በዚያው ልክ ዝቅ ማድረግም አይረሳ፤ አለዚያ ሰፊው የከበሮ ፊት በተመታ ቁጥር ድምፁ መሰነጣጠቅ ይጀምራል።