እግር ላይ ያለ እብጠት ሁሉ ዝሆኔ አይደለም

ማይሴቶማ የሚባል ሕመም አለ። ብዙ ጊዜ የሚይዘው በቆላው ባዶ እግራቸውን የሚያርሱና ከብት የሚጠብቁ ሰዎችን ነው። አፈርና እሾህ ላይ ያለ ፈንገስ፣ አንዳንዴም ባክቴሪያ፣ የግራር እሾህ ሲወጋን ከቆዳ ሥር ይገባል። ቁስሉ ይደርቃል፣ ሰውየውም ይረሳዋል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በዚያው ቦታ ጠጠር ያለ እብጠት ይወጣል። አያምም። ብዙ ሰው የሚዘናጋው በዚህ ነው፤ እኔንም አብዝቶ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

እየቆየ እብጠቱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ከፈሳሹ ጋር የሚወጡትን ደቃቅ ፍሬዎች አስተውሉ። ጥቁር ከሆኑ መንስኤው ፈንገስ ነው። ነጭ ወይም ቢጫ ከሆኑ ግን ባክቴሪያም ሊሆን ስለሚችል ላቦራቶሪ መለየት አለበት፤ የሁለቱ መድኃኒት የተለያየ ነውና። ዝሆኔ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ እንዲህ ያለ ፍሬም አያወጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት ማይሴቶማን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ሕክምና ሳያገኝ ከቆየ አጥንት ይበላል፣ እግር እስከ ማስቆረጥም ያደርሳል። እባካችሁ በምላጭ አታስበጡት። ገና ትንሽ ሳለ ወደ ጤና ተቋም ሂዱና፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እንኳ እሾህ ወግቷችሁ እንደነበር ንገሩት።